ከድጡም ከማጡም የሚያወጣ መኪና

ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ ጉዳይ እንጫወት። ሐዋሳ አጠገብ ባለችው ቱላ ሁለት ሦስት ሰው በተቀመጠበት የመኪና ወሬ ከተነሳ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለዚህ ለእኛ መንገድ የትኛው መኪና ይሻላል?» ቡና ሰብሳቢው ይጠይቃል። ገጠር ቀበሌ የተመደበችው የጤና ባለሙያ ትጠይቃለች። ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣው ወንድማችንም ለእናቱ መኪና ገዝቶ ለመመለስ አስቦ ይጠይቃል። መላሹ ደግሞ ወዲያው የአንድ መኪና ስም ይጠራና ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ ግን የመኪናው ስም መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መንገዱ ነው፤ ከመንገዱም ከቤታችሁ እስከምትደርሱበት ድረስ ያለው ከሁሉ የከፋው ቁራጭ። መቶ ኪሎ ሜትር አስፋልት ተጉዛችሁ የመጨረሻዋ ሁለት ኪሎ ሜትር ዳገት ድጥ ከሆነች፣ መኪናችሁን የምትመርጥላችሁ ያቺ ሁለት ኪሎ ሜትር ናት።

ውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ስለ ፎር ዊል ሲያወሩ የሚያስጨንቃቸው በረዶ ነው። እውነታቸውን ነው። በካናዳዋ ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ሳይገጥሙ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። ምክንያቱም ተራው ጎማ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ላስቲኩ እየደረቀ መንገዱን መጨበጥ ያቅተዋል። እኛ ዘንድ «ክረምት» ሲባል የሚታሰበን ዝናብና ጭቃ እንጂ በረዶ አይደለም። ቢሆንም አገራችን በረዶን አታውቅም ማለት አይቻልም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ተከዜን ተሻግሮ ሰሜን ተራሮች ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰምጥበት በረዶ ውስጥ እንደዘመተ ይተርካል። ዛሬም ራስ ዳሽን አናት ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ያርፋል። ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች የሚቀርበን ብርድ ግን የባሌው ሰነቲ ነው። በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርገን ጎባ ከደረስን በኋላ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በበጋ ሌሊት ውሃው በረዶ ሆኖ ያድራል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ነው። ወደ ሰነቲ ኋላ እመለሳለሁ።

መንገዳችንን እንይ። ቱላ ከሐዋሳ ወደ ይርጋለምና ዲላ የሚወስደው አስፋልት ላይ ናት፤ አስፋልቱን ይዞ ለሚኖር ሰው ማንኛውም የቤት መኪና ይበቃዋል። ነገሩ የሚለወጠው ወደ ቀበሌዎቹ ሲታጠፉ ነው። ቆላው በኩል በበጋ አቧራው ዱቄት ነው። ደጋው በኩል፣ ወደ ሁላና አርቤጎና፣ አፈሩ ቀይ ሸክላ ነው፤ ደርቆ ሲገኝ ከድንጋይ የማይተናነስ ጥንካሬ አለው፣ አንድ ሰዓት ዝናብ ሲጥልበት ግን ሰው በእግሩ መቆም ያቅተዋል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሁላዋ ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ። ዝናቡም በሲዳማ አንድ ወቅት ብቻ ጠብቆ አይመጣም። በልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያርሰዋል፣ ክረምቱ ከሰኔ ጀምሮ ይደግመዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ «ለሦስት ወር ልቻለው» የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም። በ2003 የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ ጠጠር መንገድ ለማገናኘት የታሰበ ነበር። የተሠራው መንገድ ትልቅ ውለታ ውሏል። ነገር ግን ቦዩ ካልተጠረገ ጠጠሩን ጎርፍ ይወስደዋል፣ ከሥሩ ያው ቀይ አፈር ይወጣል።

ድጥ ሌላ ነው፣ ማጥ ሌላ ነው፤ መኪናም ሲመረጥ ሁለቱን ለይቶ ማሰብ ያስፈልጋል። ድጥ ላይ ከሥር ጠንካራ መሬት አለ፤ ችግሩ ከላዩ ያለችው የሁለት ጣት ጭቃ ናት። ጎማው ያቺን ቀዶ ታች ካልደረሰ መኪናው ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ዳገት ከሆነ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጎኑ ገደል ከሆነ ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል። ማጥ ላይ ግን ከሥር የሚደረስበት ጠንካራ ነገር የለም። መኪናው በሆዱ ይተኛል፤ ሆዱ ከተኛ ደግሞ አራቱም ጎማ ቢሽከረከር ትርፉ ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው። ለድጥ ዋናው ጎማ ነው። ለማጥ ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ፣ ቀላል ክብደት፣ ገመድና አካፋ፣ ከሁሉም በላይ ወርዶ በእግር አይቶ መመለስን የማያፍር ሾፌር ያስፈልጋል።

«ፎር ዊል ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ተራ ዲፈረንሻል ጉልበቱን በቀላሉ ወደሚሽከረከረው ጎማ ይልካል፤ አንደኛው ጎማ ጭቃ ውስጥ ባዶውን ሲዞር ደረቅ መሬት የረገጠው ጓደኛው ቆሞ ያያል። ስለዚህ ፎር ዊል የገባለት መኪናም ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ብቻ እየዞረ ሊቆም ይችላል። ይህን የሚፈታው የዲፈረንሻል ሎክ ነው፤ በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ባዶውን የሚዞረውን ጎማ በፍሬን ይዞ ጉልበቱን ወደ ሌላው የሚያሻግር ኤሌክትሮኒክስ አለ። ሁለተኛው መጠየቅ ያለበት ከባዱ ማርሽ መኖሩ ነው፣ ኤል ፎር የሚሉት። ብዙ ሰው ይህ ማርሽ ለዳገት ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። እኔ የምወደው ቁልቁለት ላይ ነው። በቀይ ጭቃ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የረገጠ ሰው ጎማውን አስሮ መኪናውን ለድጡ ያስረክባል። በከባድ ማርሽ አንደኛ አስገብቶ እግሩን ከፍሪሲዮንም ከፍሬንም ያነሳ ሰው ግን ሞተሩ ራሱ እየያዘ ያወርደዋል። ፎር ዊል ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ ይህን የሚዘነጉ ልጆች መንገድ ላይ ስንቱን አስለቅሰዋል።

አሁን ስለ ጎማ ላውራችሁ፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ገንዘቡን አሟጦ መኪናውን ይገዛና ጎማው ላይ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ይሆናል። ከዚያ በልቶ ባለቀ የአስፋልት ጎማ ላንድክሩዘር እየነዳ ድጥ ላይ ይቆማል፣ አንዲት ቀላል ሱዙኪ በጥሩ ጎማ አልፋው ትሄዳለች። ለስላሳው የከተማ ጎማ ጭቃ ላይ ሲቆም በቆዳ ጫማ ድጥ እንደመርገጥ ነው፤ ጥርሶቹ መሃል ጭቃ ሞልቶ አንድ ወጥ ይሆናል። ለእኛ መንገድ የሚስማማው «ኦል ቴሬይን» የሚሉት ነው፤ አስፋልቱንም ጭቃውንም ይችላል። «መድ ቴሬይን» የሚባለው ጥርሰ ትልቅ ጎማ ለማጡ ይበልጣል፣ ነገር ግን እርጥብ አስፋልት ላይ አያያዙ ይደክማል፣ ይጮሃል፣ ቶሎም ያልቃል። አብዛኛውን ቀን ቱላና ሐዋሳ መሃል ለሚመላለስ ሰው አልመክረውም።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን 4 አኃዞች አንብቡ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ፣ የሚያብረቀርቅ ጎማ እድሜው ከሄደ ላስቲኩ ደርቋል፤ ድጥ ላይ እንደ አሮጌ ይቆጠር። ስፋቱንም አስቡበት። ሰፊ ጎማ ያምራል፣ አሸዋም ላይ ጥሩ ነው። ሸክላ ድጥ ላይ ግን ጠባቡ ጭቃውን ቀዶ ወደ ጠንካራው መሬት ይወርዳል። ላንድክሩዘር ሃርድቶፑና ፒካፑ በ7.50 አር 16 ጠባብ ጎማ አገሩን ሁሉ ሲዞሩ የኖሩት በከንቱ አይደለም። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ሌላም ጥቅም አለው፤ በየመንገዱ ያለ ጎሚስታ በእጁና በክሪክ ይጠግነዋል። ማጥ ወይም አሸዋ ሲገጥማችሁ ደግሞ ነፋሱን ቀነስ ማድረግ ጎማው መሬት ላይ ሰፋ ብሎ እንዲተኛ ይረዳል፤ ከወጣችሁ በኋላ መልሳችሁ የምትነፉበት ፓምፕ ግን ከመኪናው አይለይ።

ወደ መኪኖቹ እንምጣ። ላንድክሩዘር ከጅምሩ የተራራ መኪና ነው፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ቢ ጄ የተባለው የመጀመሪያው ሞዴል ፉጂ ተራራን እስከ 6ኛው ጣቢያ ወጥቶ ነው ስሙን ያስጠራው። እኛ የምናውቀው 70 ሲሪስ በ1984 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ ዋን ኤች ዜድ የናፍጣ ሞተር ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. መጣ። ይህ ሞተር ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ ንጹሕ ባልሆነ ናፍጣም ብዙ አይከፋም። መንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ የእርዳታ ድርጅትም ይዘውት የቀሩት ለዚህ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ከባድ ነው፣ ይነጥራል፣ ባሌስትራው ወገብ ይቆርጣል፣ ዋጋውም ለተራ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ሃይሉክስ ዲ ፎር ዲ ከእሱ ይለሰልሳል፣ ቱርቦም ስላለው ደጋ ላይ አይደክምም። ኢንጀክተሮቹ ግን ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋሉ፤ የነዳጅ ፊልትሩን በጊዜው የማይቀይር ሰው በኋላ ብዙ ይከፍላል። ፕራዶ ሁሌ በአራቱም ጎማ ይሄዳል፣ ሎክም ከባድ ማርሽም አለው፤ ቤተሰብ ይዞ ሁላ ድረስ ለሚወጣ የተመቸ ነው።

እኔ በልቤ የማደላው ለትንንሾቹ ነው። የሱዙኪ ጂምኒ ታሪክ በ1970 እ.ኤ.አ. በ359 ሲሲ ሞተር ይጀምራል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.5 ሊትር ሞተር ይዞ ክብደቱ ከ1,100 ኪሎ ግራም ብዙ አይርቅም፣ ሆዱ ከመሬት 21 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ሻንሲውም ከባድ ማርሹም እንደ ትልልቆቹ ነው። ቀላል መሆኑ ማጥ ላይ የሚሰጠውን ጥቅም ትልቅ ሞተር አያመጣውም፤ ቢያዘውም አምስት ጎረምሳ ገፍቶ ያወጣዋል። ያው ጠባብ ነው፤ አራት ሰውና አንድ ጆንያ ድንች አብረው አይገቡበትም። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ግራንድ ቪታራም ከባድ ማርሽ ያለውን ካገኛችሁ ለቤተሰብ መልካም ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የመጣው አዲሱ ቪታራና ራቭ ፎር ከባድ ማርሽ የላቸውም። ለጠጠር መንገድና ለቀላል ጭቃ ይሆናሉ፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁባቸው።

የዛሬው ገበያ ደግሞ ለብቻው መወራት ያለበት ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አሳወቀ። እናም የነዳጅ ፎር ዊል ፈላጊ ምርጫው አገር ውስጥ ባለው ላይ ተወስኗል፤ አሮጌው ቶዮታ እያረጀ ዋጋው የሚጨምረው ለዚህ ነው። ታዲያ ኤሌክትሪኩስ አይሆንም ወይ? ይህን ጥያቄ ከልቤ ነው የምወስደው፤ ነዳጅ ሰልፍ ላይ የዋለ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጥሩው ነገር ብዙ ነው። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከሐዋሳ ከፍታ 1,000 ሜትር ለመውጣት ከተራው ጉዞ ፍጆታ ላይ የሚጨምረው 5.5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከብክነት ጋር ትንሽ ከፍ ይላል። ሲወርድ ደግሞ የተወሰነውን መልሶ ይሞላል፣ ቁልቁለቱንም ራሱ ሞተሩ ይይዘዋል። ሰነቲ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የጉልበቱን ሲሶ ያህል ያጣል፤ ኤሌክትሪኩን ግን የአየሩ መሳሳት አይነካውም።

ሆኖም አገር ውስጥ የምናያቸው ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ቁመናቸው የፎር ዊል፣ ሥራቸው የከተማ ነው። ቢ ዋይ ዲ ሶንግ ፕላስ በፊት ጎማው ብቻ ይጎትታል። የቮልስዋገን አይ ዲ 4 እና አይ ዲ 6 መሠረታዊ ሞዴሎች በኋላ ጎማ ብቻ ይሄዳሉ፤ በአራቱም የሚሄደው ሌላ፣ ወደድ ያለ ሞዴል ነው። ቶዮታ ቢ ዚ ፎር ኤክስ ከሱባሩ ጋር አብሮ የሠራው ሲሆን በአራት ጎማ የሚሄደው ሞዴል ለጭቃና ለበረዶ የሚመረጥ ማዘዣ አለው፣ የውሃ መሻገሪያ ልኩም 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሁሉም በላይ ባትሪው ሆዱ ሥር የተነጠፈ መሆኑን አትርሱ፤ ድንጋይ በበዛበት ጥርጊያ መንገድ ላይ ሆዱን የሚመታ እያንዳንዱ ድንጋይ የመኪናውን ውድ ክፍል ነው የሚመታው። አስፋልት ዳር ለሚኖርና ዓመት በዓል ላይ ብቻ ገጠር ለሚወጣ ሰው ኤሌክትሪክ በጣም ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ድጥ ለሚወጣ ግን ገና አልደረሰም እላለሁ።

ውሃን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምናችሁ። 30 ሴንቲ ሜትር ፈጣን ጎርፍ ትንሽ መኪናን ሊወስድ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን ትልቅ መኪና። ፎር ዊሉ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ምንም አያደርግም። ታህሣሥ 20 ቀን 2017 በቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ገላና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ወገኖቻችን ሞተዋል። ያን ዜና የሰማ ሰው ፒካፕ ሲገዛ «ስንት ሰው ይጭናል?» ብሎ መጠየቅ የለበትም። የጭነቱ ቦታ ለጭነት ነው። ሰው ቀበቶ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ያልበቃው ሁለተኛ ዙር ይጠብቅ።

ወደ ሰነቲ እንመለስ፣ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁ። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን መኪና እስከ አናቱ ይወጣል። በደረቅ ወቅት ዋናው መንገድ ከባድ ማርሽ አይጠይቅም፤ የሚፈትነው ቅዝቃዜውና የአየሩ መሳሳት ነው። ራዲያተራችሁ ውስጥ ተራ ውሃ ብቻ ካለ እዚያ ማደር ሞተር ማሰነጠቅ ነው፤ ፀረ በረዶ ይጨመርበት። ባትሪ የደከመበት ናፍጣ ጠዋት አይነሳም። ከጫፉ ወደ ሪራ ስትወርዱ ሐረና ጫካ ይቀበላችኋል፤ ዝናብ ከዘነበ እዚያ ነው ድጡ ያለው። ደግሞ አደራ፣ ከመንገዱ እየወጣችሁ ሜዳው ላይ አትንዱ። ያ ሜዳ የፍልፈሎቹ ቤት ነው፣ ቀይ ቀበሮም የሚኖረው እነሱን እየበላ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስለነዚህ ፍጥረታት ጭምር ነው፤ ፎር ዊል ስላለን ብቻ ልንረግጣቸው አይገባም።

ቁረጥና ንገረን ካላችሁ እንዲህ እላለሁ። ለቡና ሰብሳቢው ላንድክሩዘር ፒካፕ፣ አቅሙ ካልደረሰ ሃይሉክስ። እሸት ቡና ተለቅሞ በዕለቱ መፈልፈል አለበት፣ መንገድ ላይ ማደር ኪሳራ ነው። ለጤና ባለሙያዋና ቆላ ደጋ ለምትመላለስ መምህርት ጂምኒ ወይም ባለ ከባድ ማርሽ ግራንድ ቪታራ። ለእናቱ ለሚገዛው ወንድማችን፣ እናት አስፋልት ዳር ከሆኑ የሚወዱትን የቤት መኪና በጥሩ ጎማ። የትኛውንም ስትመርጡ ቱላ ወይም ሐዋሳ ላይ የሚያውቀው ጋራዥና በቀላሉ የሚገኝ መለዋወጫ መኖሩን አጣሩ። ከገንዘባችሁም ለአራት አዲስ ጎማና ለአንድ ስኮርታ የሚሆነውን መጀመሪያ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ በቀረው ግዙ።

ለማየት ስትሄዱ ከደላላው ጋር ብቻ ሳይሆን የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፣ ሻንሲው ላይ የብየዳ ጠባሳ ካለ ለምን እንደተበየደ ጠይቁ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ዝናብ በጣለ ማግስት ከአስፋልት ውጡበት። ኤች ፎር የሚሉት ቀላሉ የፎር ዊል ማርሽ ይግባ፣ ኤል ፎር ይግባ፣ ወደፊትም ወደኋላም ይሂድ፣ ካምቢዮው ሲጮህ አድምጡ። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ፎር ዊል ብዙ ጊዜ የሚከዳው ሲፈለግ ነው። ሻጩ «አሁን ጭቃ ነው፣ ሌላ ቀን እናየዋለን» ካላችሁ አመስግናችሁት ሌላ መኪና ፈልጉ።